ከወፍጮው የማይወጣው ወርቅ

ወፍጮው ቆሟል። የሞተሩ ማብሪያ በሦስት ቁልፍ ተቆልፎ ቁልፎቹ ወደ ውስጥ በሚገቡት ሠራተኞች ኪስ ናቸው፤ እነሱ ሳይወጡ ማንም ሊያስነሳው አይችልም። በጎኑ ባለችው ጠባብ በር አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ገቡ። ሌሊቱን ሙሉ በብረት ኳሶች ድንጋይ ሲፈጭ ያደረ ቦል ሚል ነውና ውስጡ ገና አልቀዘቀዘም፤ የእርጥብ ድንጋይና የብረት ሽታ ይሸታል። የገቡት ያለቀውን የብረት ልባስ፣ በነሱ አነጋገር ላይነሩን፣ ለመቀየር ነው።

ቦታው በምዕራብ ኢትዮጵያ ያለ አነስተኛ የወርቅ ፋብሪካ ነው። የመጀመሪያው ላይነር ብሎኑ ተፈትቶ ሲወድቅ ከጀርባው፣ በላይነሩና በወፍጮው አካል መካከል፣ በመሮና በመዶሻ ካልሆነ የማይላቀቅ ጥቁር ዝቃጭ ተገለጠ። ሠራተኞቹ እየፈለፈሉ ወደ ባልዲ ይጨምራሉ። ባልዲው ሲሞላ የፈረቃ ኃላፊው ክዳኑን ዘግቶ ያሽገዋል፤ ጥበቃው የእሽጉን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ ዝቃጭ አንድ ጭብጥ ተወስዶ በሳህን ሲታጠብ መጀመሪያ የኳርትዙ አሸዋ ወጣ፤ ቀጥሎ ጥቁሩ ማግኔታይት ቀስ እያለ ሸሸ፤ ከሥር ቢጫው ቀረ። ቅንጣቶቹ ክብ አይደሉም። ስስና ዝርግ ናቸው፤ ጫፋቸው የታጠፈ፣ አንዳንዶቹም አሸዋ ሆዳቸው ውስጥ የተቀበረ።

ይህ ወርቅ አልጠፋም፤ ግን አልተሸጠምም። ድንጋዩ የተቆፈረበት፣ የተጓጓዘበትና የተፈጨበት ወጪ ተከፍሎ አልቋል፤ ወርቁ ግን ለወራት ከብረት ጀርባ ተቀምጧል። ለአነስተኛ ፋብሪካ ይህ የደመወዝ ጉዳይ ነው። ድንጋይ ፈጭቶ ወርቅ የሚያወጣ ፋብሪካ ሁሉ፣ ይብዛም ይነስም፣ ይህ ችግር አለበት። በዚህ ጽሑፍ ልከራከርለት የምፈልገው ነገርም ከዚሁ ይነሳል፦ ከድንጋዩ የተላቀቀ ወርቅ በተላቀቀበት ሰዓት፣ እዚያው ወፍጮው ዙሪያ መያዝ አለበት። ለዚህ የሚሆነው ማሽን ከተፈለሰፈ ከዐርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚጎድለው በየዕለቱ ማሽኑን የሚጠብቅ ትጋት ነው፤ ንጹሕ ውኃ፣ ያልተቀደደ ወንፊት፣ ያልተዛባ ሰዓት።

ክብደትና መጠን

አንድ ሊትር መያዣ የሚሞላ ንጹሕ ወርቅ 19.3 ኪሎ ይመዝናል። ያንኑ መያዣ የሚሞላ ኳርትዝ፣ ብዙውን ጊዜ ወርቅ የሚገኝበት ነጭ ድንጋይ፣ 2.65 ኪሎ ብቻ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሁለቱም የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት ስለሚቀነስላቸው ልዩነቱ ይሰፋል፤ 18.3 ለ1.65፣ ማለትም 11 እጥፍ ገደማ። የማዕድን ማበልጸግ ባለሙያዎች ይህ ቁጥር ከ2.5 ካለፈ በስበት መለየት ቀላል ነው ይላሉ። ከከባዶቹ ማዕድናት አንዱ የሆነው ፓይራይት እንኳ ከወርቅ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ4 እጥፍ በላይ ነው። በወንዝ ዳር በገበቴ ወርቅ የምታጥብ ሴት የምትጠቀመው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ታዲያ ፋብሪካውን ምን አስቸገረው? የወርቁ ማነስ ነው። አንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 2 ግራም ወርቅ ካለ ብዙ ቦታ አዋጭ ነው። 2 ግራም ወርቅ ግን ቢጠራቀም ጎኑ 5 ሚሊሜትር የማይሞላ ኩብ ነው፤ እሱም ተሰባብሮ፣ አብዛኛው በዓይን በማይታይ መጠን፣ በአንድ ቶን ዱቄት ውስጥ ተበትኖ ነው የሚገኘው። ወርቁን ከድንጋዩ ለማላቀቅ መፍጨት ግድ ነው፤ መፍጨቱ ደግሞ ወርቁን ያደቀዋል ወይም ይጠፈጥፈዋል፤ በደቀቀና በተጠፈጠፈ ቁጥር በስበት መያዙ ይከብዳል። የሥራው ፈተና በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወፍጮው ዙሪያ እንመለስ። ተፈጭቶ ከውኃ ጋር የተደባለቀው ድንጋይ በፓምፕ ወደ ሳይክሎን ይገፋል። ሳይክሎን ሾጣጣ ዕቃ ነው፤ ጭቃው በውስጡ እየተሽከረከረ የደቀቀው በላይ ይወጣና ወርቁ ወደሚሟሟባቸው የሲያናይድ ታንኮች ይሄዳል፣ ያልደቀቀው በታች ወርዶ እንደገና ወደ ወፍጮው ይመለሳል። ሳይክሎን ግን ትልቁን ከከባዱ አይለይም። 75 ማይክሮን የሆነ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያነሰ፣ የኳርትዝ ቅንጣት በላይ እንዲወጣ ተደርጎ ቢስተካከል፣ በስሌት ከ22 ማይክሮን የሚበልጥ ወርቅ ሁሉ በክብደቱ ምክንያት ወደ ታች ይወርዳል። ነፃ ሆኖ ለመያዝ የተዘጋጀ ወርቅ ተመልሶ ይፈጫል ማለት ነው።

ኳርትዝ የብረት ኳሱ ሲመታው ይሰበራል። ወርቅ አይሰበርም፤ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይዘረጋል። ወርቅን የሚቀጠቅጥ አንጥረኛ ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ወርቁ ከወፍጮ ወደ ሳይክሎን፣ ከሳይክሎን ወደ ወፍጮ ሲመላለስ ይከርማል። ወደ ወፍጮ የሚመለሰው ድንጋይ አዲስ ከሚገባው ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የወርቁ ምልልስ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በመንገዱ ላይ ክፍተት ባገኘበት ይቀመጣል፤ በላይነር ጀርባ፣ በፓምፕ ጉድጓድ ሥር፣ በቧንቧ ክርን። ከዚሁ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ከፋብሪካው ሁሉ በወርቅ የበለጸገው ቦታ የሳይክሎኑ ሥር ነው፤ መረቡ የሚጣለውም እዚያ ነው።

ሲያናይድ ሲመጣ የተረሳው

የስበት ዘዴ ለብዙ ዘመን ብቸኛው ነበር ማለት ይቻላል፤ ሜርኩሪ ሲረዳው ኖሯል። በደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ የመጀመሪያዎቹ ወፍጮዎች የተፈጨውን ድንጋይ ሜርኩሪ በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ያፈስሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ማካርተርና ሁለቱ የፎረስት ወንድማማቾች ግላስጎው ውስጥ ወርቅን በሲያናይድ የማሟሟት ዘዴ የባለቤትነት መብት አስመዘገቡ፤ በ1890 ዘዴው ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለው የሮቢንሰን ማዕድን ሥራ ላይ ዋለ። ስበት ሊይዘው የማይችለው ደቃቅ ወርቅ ከዚያ ወዲህ መያዝ ጀመረ። በ1920ዎቹ ደግሞ በዚያው በዊትዋተርስራንድ የሜርኩሪው ሰሌዳ ቀርቶ ሸንተረር ባለው ከርድሮይ ጨርቅ ተተካ። በ1973 በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ የሆምስቴክ ማዕድን የሟሟውን ወርቅ በከሰል የሚሰበስብ ትልቅ ፋብሪካ ሲጀምር፣ ብዙ መሐንዲሶች ስበት ጊዜው አለፈ ብለው አሰቡ። ሁሉንም ታንኩ ይጨርሰዋል ተባለ።

ታንኩ ግን ሁሉንም አይጨርስም። ሲያናይድ ወርቅን የሚበላው ከገጹ ጀምሮ ነው፤ ሁኔታው እጅግ ቢመች እንኳ በሰዓት ከ1.7 ማይክሮን አይዘልም። 44 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት ዙሪያውን ተበልቶ ለማለቅ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። 150 ማይክሮን የሆነው ግን ወደ 44 ሰዓት ይፈልጋል። ብዙ ፋብሪካ ጭቃውን በታንኮቹ ውስጥ የሚያቆየው ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ነው። በምልልስ ብዛት ተዘርግቶ በስተመጨረሻ ሳይክሎኑን ያለፈ ትልቅ ቅንጣት ግማሽ አካሉን ይዞ ወደ ቴይሊንግ ግድብ፣ የተረፈው ጭቃ ወደሚጠራቀምበት፣ ይሄዳል። በገጹ ላይ ቆሻሻ ወይም የብር ማዕድን ከተለበደበት ደግሞ ጨርሶ ላይነካ ይችላል። አንዳንድ ድንጋይ በተፈጥሮው ከሰል አለበት፤ የሟሟውን ወርቅ መልሶ ይሰርቃል። እንዲህ ባለው ድንጋይ ላይ ከታንኩ በፊት የተያዘ እያንዳንዱ ግራም ትርፍ ነው።

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ የሚገኘው ፎስተርቪል ጥሩ ማስረጃ ነው። ወርቁ በሰልፋይድ ማዕድን ውስጥ ተቆልፎ የሚገኝ በመሆኑ ፋብሪካው የተሠራው ሰልፋይዱን አንሳፍፎ በባክቴሪያ ለማበስበስ ነበር፤ የስበት ክፍል አልነበረውም። ቁፋሮው እየጠለቀ ሲሄድ በዓይን የሚታይ ወርቅ የያዘ ኳርትዝ ተገኘ። በ2016 የስበት ክፍል ተጨመረለት። በ2019 ማዕድኑ ከ600 ሺህ አውንስ በላይ አመረተ። ያን ያህል ወርቅ የመጣው ከድንጋዩ ብልጽግና መሆኑ አያጠራጥርም፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ድንጋዩ ሲለወጥ ፋብሪካው አብሮ መለወጡ ነው። ብዙ ቦታ ድንጋዩ ይለወጣል፣ ፋብሪካው ግን የመጀመሪያውን ንድፍ ይዞ ይቀራል።

“ማሽንህ አልበላም”

ለትልልቅ ወፍጮዎች የስበትን ዘዴ የመለሰው በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የነበረው ባይረን ኔልሰን ነው። ማሽኑ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ሳህን ሲሆን በፍጥነት ይሽከረከራል፤ በውስጡ ያለው ቅንጣት ከምድር ስበት 60 እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ግድግዳው ይገፋል። የወርቅና የድንጋይ ልዩነትም በዚያው ልክ ይጎላል። የሳህኑ ግድግዳ ዙሪያውን ጎድጎድ ያሉ ቀለበቶች አሉት። ሥራው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለበቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ በአሸዋ ተጠቅጥቀው ይደፈኑ ነበር። የኔልሰን ብልሃት ግድግዳውን በትናንሽ ቀዳዳዎች በስቶ ከውጭ ውኃ መርጨቱ ነው። ውኃው አሸዋውን ያላላዋል፤ ወርቁ በላላው አሸዋ መሐል ሰርጎ ቦታ ይይዛል፣ ቀላሉ ይገፈተርና ይወጣል። ከአፍ እስከ ገደፉ የተሞላ ሰፌድ ቢወዘወዝ ጠጠሩ ከእህሉ አይለይም፤ እህሉ የሚላወስበት ቦታ ሲኖረው ነው የሚለየው። ያ ውኃ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ባነሳሁት የምዕራብ ኢትዮጵያ ፋብሪካ የናሙና ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ ኖረው ነው ፋብሪካው የቀጠራቸው። ሥራቸው በየፈረቃው ወደ ማሽኑ ከሚገባውና ከማሽኑ ከሚወጣው እኩል እኩል ናሙና እየወሰዱ ማጠብ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት በማግስቱ ይመጣል፤ የሳቸው ውጤት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን አድርገው ወጣቱን ሜታለርጂስት ጠሩት።

“ልጄ፣ ማሽንህ አልበላም።”

“እንዴት እትዬ? ትናንት ደህና ነበር እኮ።”

“ትናንት ትናንት ነው። ና እየው፤ የገባውም የወጣውም አንድ ነው።”

እውነታቸውን ነው። በሁለቱም ሳህን ጠርዝ የተሰለፈው ቢጫ መስመር ርዝመቱ እኩል ነበር። ልጁ ደረጃውን ሮጦ ወጣና የውኃውን ግፊት መለኪያ አየ፤ ከመደበኛው በጣም ወርዷል። ማሽኑ ሲቆምና ሲከፈት ቀለበቶቹ ውስጥ ያለው አሸዋ በጣት አልበሳ አለ። ክረምት በመሆኑ ከግድቡ የሚመለሰው ውኃ ደፍርሷል፤ ማጣሪያው በደለል ተደፍኗል፤ ያለፈው ደለል ደግሞ የሳህኑን ቀዳዳዎች ዘግቷል። ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ሲከፍቱ አመሹ።

ይህን በቅርብ ያየ ሰው የስበት ክፍል ችግር አብዛኛውን ጊዜ የት እንዳለ አይስተውም። የሚረጨው ውኃ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቢቻል የራሱ ታንክና የራሱ ፓምፕ ይኑረው። ሌላ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ግፊቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ማሽኑ አንድ ጊዜ ይደፈናል፣ አንድ ጊዜ የያዘውን ራሱ ያጥበዋል። ውኃ ማነሱም መብዛቱም ወርቅ ያስወጣል፤ ልኩ የሚገኘው ግፊቱን እየለዋወጡ፣ ናሙና እያጠቡ፣ እየመዘገቡ ነው።

ወንፊቱም እንዲሁ። ወደ ማሽኑ የሚገባው ጭቃ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ያልፋል። ወንፊቱ ከተቀደደ ትልልቅ ጠጠርና የብረት ኳስ ስባሪ ይገባል፤ የብረት ስባሪ ከኳርትዝ ሦስት እጥፍ ስለሚከብድ ቀለበቱን ሞልቶ የወርቁን ቦታ ይይዛል። ወንፊቱ ከተደፈነ ደግሞ ጭቃው ከነወርቁ በላይ አልፎ ወደ ወፍጮው ይመለሳል፤ ማሽኑ በባዶው ሲሽከረከር ይውላል። የቁጥጥር ክፍሉ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ለዚህ መፍትሔው ሰው ደረጃውን ወጥቶ ወንፊቱን በዓይኑ እንዲያይ ማድረግ ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። ማሽኑ የሚሠራው በዙር ነው፦ ይመገባል፣ ይቆማል፣ የያዘውን ያራግፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ዙሩ ሲረዝም ቀለበቱ ይሞላና አዲስ የሚመጣው ወርቅ ቦታ ያጣል። ሲያጥር ብዙ ወርቅ ይያዛል፤ ነገር ግን ብዙ አሸዋም አብሮ ይመጣና ቀጣዩን ክፍል ያጨናንቃል። ከፋብሪካው ጋር የመጣውን የአምራቹን ሰዓት ዓመታት ሳይነኩ የሚሠሩ አሉ። 20፣ 30፣ 45፣ 60 ደቂቃ እየሞከሩ በእያንዳንዱ የተያዘውን ወርቅ መመዘን ወጪው ድካም ብቻ ነው፤ ለምን እንደማይደረግ አይገባኝም።

ከሳይክሎኑ ሥር የሚወርደውን ሁሉ በማሽን ማሳለፍ አያስፈልግም። ወርቁ ስለሚመላለስ ከጭቃው የተወሰነው ብቻ ሳይቋረጥ ቢያልፍ፣ አሁን ያመለጠው በሚቀጥለው ዙር ይገኛል። “ሳይቋረጥ” የሚለው ነው ወሳኙ። ከማሽኑ የሚወጣው ውኃ የበዛበት ጭቃም ወደ ወፍጮው አፍ ሳይሆን ወደ ፓምፑ ጉድጓድ ቢመለስ ይመረጣል፤ ካልሆነ ወፍጮው ውስጥ ያለው ጭቃ ይቀጥንና አፈጫጨቱ ይበላሻል፤ ከዚያም የወፍጮ ክፍሉ ሰዎች የስበት ማሽኑን እንደ ጠላት ያዩታል።

ምን ያህል ነው መያዝ የሚቻለው?

ይህን ጥያቄ በሥርዓት የመለሰው በሞንትሪያል ማጊል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አንድሬ ላፕላንት ነው። በ1990ዎቹ ያዳበረው ምርመራ ናሙናውን በሦስት ደረጃ ይፈጫል፤ መጀመሪያ ከ850 ማይክሮን በታች፣ ቀጥሎ ግማሽ ያህሉ ከ75 ማይክሮን በታች፣ በመጨረሻ 80 በመቶው ከ75 ማይክሮን በታች። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ በትንሽ የላቦራቶሪ የኔልሰን ማሽን ያልፋል። በምርመራው የሚታወቀው ወርቁ ምን ያህል በስበት እንደሚያዝ ብቻ አይደለም፤ በየትኛው አፈጫጨት እንደሚላቀቅና ቅንጣቱ ምን ያህል እንደሆነም ይታወቃል። ፋብሪካ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ነገር ግን ጣሪያውን ሳያውቁ ማሽን ማዘዝ ገንዘብ መበተን ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። “የስበት ድርሻችን ከ30 ወደ 45 በመቶ አደገ” የሚል ሪፖርት ሲቀርብ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት የቴይሊንጉ ወርቅ ቀነሰ ወይ የሚለው ነው። ካልቀነሰ ወርቁ መንገድ ቀየረ እንጂ አልጨመረም፤ በታንክ ይገኝ የነበረው በስበት ተገኘ። እሱም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ወርቁ ቶሎ ይሸጣል፣ በከሰሉ ላይ የሚቀመጠው ይቀንሳል፣ ለማሟሟት የሚያልቀው ሲያናይድም ሊቀል ይችላል። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ማኔጅመንቱ ልዩነቱን ካላወቀ በተሳሳተ ቁጥር ይሸለማል።

ማሽኑ የያዘው ወርቅ ጉዞም አላለቀም። ወደ ተቆለፈው የወርቅ ክፍል ይሄዳል፤ ብዙ ቦታ አሁንም በሚወዛወዝ ጠረጴዛ፣ በሻኪንግ ቴብል፣ ይጠራል። ጥሩ እጅ ያለው ሠራተኛ ጠረጴዛውን ሲያዘነብል ቢጫው መስመር ተለይቶ ሲወርድ ማየት ያስደስታል። ይሁንና ጠረጴዛው ደቃቁንና ዝርጉን ወርቅ አይይዝም፤ ዝርጉ ቅንጣት በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ያመለጠው ወደ ወፍጮው ይመለስና ምልልሱን እንደገና ይጀምራል፤ በኔልሰኑ የተደከመበት ግማሽ መንገድ ላይ ይባክናል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች የስበቱን ምርት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በጠንካራ ሲያናይድ ያሟሙታል። በተራው ታንክ በአንድ ሊትር ውስጥ ከግማሽ ግራም የማይበልጥ ሲያናይድ ሲኖር በነዚህ ውስጥ እስከ 20 ግራም ይደርሳል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠሩት አካሺያና የጌኮ ሪአክተር የታወቁት ናቸው። ወርቁን በእጅ የሚነካ ሰው ስለማይኖርም ሌብነትን ይቀንሳሉ።

ወደ ትንንሾቹ ወፍጮዎች

ለአገራችን ነገሩ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ያልፋል። ለብሔራዊ ባንክ ከሚቀርበው ወርቅ ብዙው ከባህላዊና ከአነስተኛ አምራቾች ነው። ከወንዝ ደለል ወደ ደም ሥር ድንጋይ የተሸጋገሩት አምራቾች ድንጋዩን በትንንሽ ወፍጮ ያስፈጫሉ፤ ሜርኩሪ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ የከፋው አሠራር የተፈጨውን ድንጋይ በሙሉ ከሜርኩሪ ጋር ማዋሃድ ነው፤ ሜርኩሪው በወፍጮው ይደቅና ከዝቃጩ ጋር ይፈስሳል፣ ደቃቅ ወርቅም ይዞ ይሄዳል። በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት እንዲወገዱ ከሚጠይቃቸው ድርጊቶች አንዱ ይኸው ነው።

የስበት ዘዴ እዚህ የሚያድነው ሳንባና ኩላሊት ነው። ድንጋዩ ደረጃ በደረጃ ቢፈጭ፣ በየደረጃው ምንጣፍ በተነጠፈበት ተዳፋት ሳጥን ላይ ቢፈስስ፣ ምንጣፉም በየሰዓቱ ቢታጠብ፣ አንድ ቶኑ ወደ ጥቂት ኪሎ ይወርዳል። ያንን ጥቂት ኪሎ እጃቸው የሰላ አጣቢዎች በገበቴ ወደ ጥቂት ግራም ያወርዱታል። በፊሊፒንስ ቤንጌት ያሉ አነስተኛ አምራቾች ከዚያ በኋላ ሜርኩሪ አያስፈልጋቸውም፤ የቀረውን ከቦራክስ ጋር ቀላቅለው ያቀልጡታል፤ ቦራክሱ ከወርቁ ጋር የቀረውን ማዕድን አቅልጦ ለብቻው ሲያወጣው ወርቁ ከሥር ይረጋል። ቦራክስ ለእኛ አንጥረኞችም እንግዳ አይደለም። ዘዴው የሚሠራው ግን ወደ እሳቱ የሚገባው ዝቃጭ በወርቅ የበለጸገ ሲሆን ብቻ ነው፤ አሸዋው ከበዛ ቦራክሱም ከሰሉም ያልቃል፣ ወርቁም አይሰበሰብም። ስለዚህ ለአነስተኛ ወፍጮዎች ድጋፍ የሚያደርግ ሁሉ ገንዘቡን መጀመሪያ ማዋል ያለበት በተዳፋት ሳጥኖቹ፣ በምንጣፉና በንጹሕ ውኃው ላይ፣ እንዲሁም ናሙና አጥቦ የሚወጣውን ከሚገባው ጋር ለሚያነጻጽር ሰው ደመወዝ ላይ ነው።